እብጠት ሁሉ ክፉ በሽታ አይደለም

በደባርቅና በዳባት ገጠር፣ እስከ አምቢኮ ድረስ፣ እናቶችና እህቶች ስለ ብዙ ሕመም ይነጋገራሉ። ስለ ብልት እብጠት ግን ዝም ይላሉ፤ ነውር ነው ይባላላ! እኛ አስተማሪዎቻችሁም ወጣቶች ነንና ይህን ስናነሳ እናፍራለን። ነገር ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ስለዚህ ዛሬ በግልጽ እንማር።

እብጠቱ ከምን ይመጣል?

በሴት ብልት መግቢያ ግራና ቀኝ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉ። እያንዳንዳቸው የአተር ፍሬ ያህላሉ። ሥራቸው ብልትን የሚያረጥብ ፈሳሽ ማመንጨት ነው። ፈሳሹ የሚወጣው በቀጭን ቦይ ነው። የመስኖ ቦይ በጭቃ ሲደፈን ውሃው እንደሚጠራቀም ሁሉ፣ ይህም ቦይ ሲደፈን ፈሳሹ ይጠራቀምና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ባርቶሊን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ17ኛው መቶ ዓመት ስለ ዕጢዎቹ ስለ ጻፈ በስሙ ይጠራሉ። ይህ እብጠት ብዙ ጊዜ አያምም። ካንሰር አይደለም። እርግማንም፣ የሰው ዓይንም አይደለም።

ሁለተኛው ዓይነት ከጠባሳ ይመጣል። ሴት ልጅ ስትገረዝ የቆዳ ቅንጣት ከቁስሉ ሥር ተቀብሮ ሊቀር ይችላል። ከዓመታት በኋላ ያ ቅንጣት አድጎ ነጭ ለስላሳ ነገር የሞላው እብጠት ይሆናል። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ኢትዮጵያውያን ሴቶች ከ100ው 65ቱ የተገረዙ ነበሩ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ግርዛትን ከልክሏል። ልጃችንን ካልገረዝናት ይህን እብጠት ከሥሩ አስቀረንላት ማለት ነው።

ምን እናድርግ?

እብጠቱ ትንሽ ከሆነና ካላመመ ንጽሕናን ጠብቆ መተው ይቻላል። ለባርቶሊን እብጠት በንጹሕ ሳፋ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ፣ በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ መቀመጥ ይረዳል። በመርፌ፣ በምላጭ ወይም በእሾህ አንውጋው። ቅጠል ወቅጠን አንለጥፍበት። ይመረቅዛል።

ከቀላ፣ ከጋለ፣ መግል ከያዘ፣ ትኩሳት ካመጣ ወይም መራመድ ከከለከለ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሐኪሙ ቦታውን አደንዝዞ መግሉን ያወጣል። ዕድሜዋ ከ40 በላይ የሆነች ሴት አዲስ እብጠት ካየች፣ ወይም እብጠቱ ከጠነከረ፣ ከደማ፣ ቶሎ ካደገ፣ ሳያማትም ቢሆን ትመርመር። ሸክም ስታነሳ ወደ ውጭ የሚወርድ ከሆነ ደግሞ የማህፀን መውጣት ሊሆን ይችላል። እሱም ሕክምና አለው።

ለማን እንናገር?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለእነርሱ መናገር አያሳፍርም። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር ሆስፒታል ይልካሉ። ባሎችም "ምን ሆነሽ ነው?" ብለን እንጠይቅ፤ በቅሎውን ጭነን እናድርሳት።

ጥያቄ
1. የባርቶሊን እብጠት የሚመጣው ምን ሲደፈን ነው?
2. እብጠትን በመርፌ መውጋት ለምን ይጎዳል?
3. ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች የትኞቹ ናቸው?