በአሜሪካ የአእምሮ ጤና ወይም የትምህርት ቤት ካውንስለር ለመሆን፦ መንገዱ ደረጃ በደረጃ

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን ዲሲ አማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ብዙ ነው። ጭንቀት ወይም ድብርት የያዘው፣ የስደት ጉዞው ጠባሳ ያልሻረለት ሰው ግን ገመናውን በገዛ ቋንቋው የሚያካፍለው ባለሙያ በቀላሉ አያገኝም። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራም፣ ስለ ልጁ ችግር የሚነገረውን የሚያስተረጉመው ራሱ ልጁ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን ክፍተት ለመሙላት ለተነሣችሁ ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ መጀመሪያ የምትፈልጉትን ፈቃድ ለዩ፣ ትምህርቱን በዚያ ልክ ምረጡ። በግልባጩ የሄደ ሰው ከተመረቀ በኋላ ክሬዲት ጎደለህ ሊባል ይችላል።

ሕጉ ከስቴት ስቴት ይለያያል። ለምሳሌ የምወስደው ቨርጂኒያን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ለካውንስለሮች የፈቃድ ሕግ በማውጣት ከስቴቶች ሁሉ የቀደመችው እርሷ ናት።

ደረጃ 1፦ ከሁለቱ ሙያዎች አንዱን ለዩ

የአእምሮ ጤና ካውንስለር በክሊኒክ፣ በሆስፒታል ወይም በግል ቢሮ ሕመሙን ለይቶ በንግግር ሕክምና ይረዳል፤ ፈቃዱን የሚሰጠው የስቴቱ የካውንስሊንግ ቦርድ ነው። የትምህርት ቤት ካውንስለር ተማሪውን በትምህርቱ፣ በወደፊት ሙያው ምርጫና በስሜቱ ይደግፋል፤ ረዥም ሕክምና ለሚያስፈልገው ልጅ ግን ሌላ ባለሙያ ይፈልግለታል። የእርሱን ፈቃድ የሚሰጠው የስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት ነው። ሁለቱም ማስተርስ ይጠይቃሉ።

ደረጃ 2፦ የአገር ቤት ዲግሪያችሁን አስገምግሙ

ብዙ ፕሮግራሞች የመጀመሪያ ዲግሪው በየትኛውም መስክ ቢሆን ይቀበላሉ። ከኢትዮጵያ የተገኘ ዲግሪ ግን በገምጋሚ ድርጅት ከአሜሪካ ዲግሪ ጋር መመዛዘን አለበት። ትራንስክሪፕቱ ብዙውን ጊዜ ከሬጅስትራር በቀጥታ እንዲላክ ስለሚጠየቅ፣ አገር ቤት ጉዳዩን የሚከታተልላችሁ ሰው ይኑር፤ ሥራውንም ከማመልከቻው ቀን ብዙ ወራት አስቀድማችሁ ጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ፕሮግራሙን መርምሩ

ካውንስለር የሚያሠለጥኑ ፕሮግራሞችን መዝኖ እውቅና የሚሰጠው ዋናው አካል እ.ኤ.አ. በ1981 የተቋቋመው ኬክሬፕ (CACREP) ነው። ኬክሬፕ ለሁለቱም ሙያዎች ቢያንስ 60 የሴሚስተር ክሬዲት ይጠይቃል። ትምህርቱ ሥነ ምግባርን፣ የሰው ልጅ እድገትን፣ የቡድን ምክክርን፣ ምዘናንና ጥናትና ምርምርን ያካትታል።

ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦
• እውቅናው የዩኒቨርሲቲው ብቻ ነው ወይስ እኔ የምገባበት ፕሮግራምም አለው?
• የምኖርበት ስቴት የሚጠይቀውን ኮርስ ሁሉ ይሸፍናል?
• የልምምድ ቦታ የሚፈልገው ማን ነው፣ እኔ ወይስ ትምህርት ክፍሉ?
• ትምህርቱ ኦንላይን ከሆነ፣ ልምምዱን በምኖርበት ከተማ መሥራት እችላለሁ?

መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የሳይኮሎጂ ማስተርስም በራሱ ወደዚህ ፈቃድ ላያደርስ ስለሚችል፣ ስሙ ተቀራረበ ብላችሁ አትመዝገቡ።

ደረጃ 4፦ ወጪውን ከልምምዱ ጋር አስሉ

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ለፌዴራል የትምህርት ብድር ማመልከት ይችላል። በቨርጂኒያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የነዋሪ ክፍያ ለማግኘት ቢያንስ ለአንድ ዓመት የስቴቱ ቋሚ ነዋሪ መሆን ያስፈልጋል። ትልቁ ፈተና ግን የልምምዱ ጊዜ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ደመወዝ የለውም፣ ሰዓቱም በቀን ሥራ ላይ ይወድቃል። ለእነዚያ ወራት የሚሆን ገንዘብና የሥራ ፈረቃ ከወዲሁ አዘጋጁ።

ደረጃ 5፦ ልምምዱን ወገኖቻችሁ ባሉበት ሥሩ

በኬክሬፕ መስፈርት የመጀመሪያው ልምምድ፣ ፕራክቲከሙ፣ ቢያንስ 100 ሰዓት ነው፤ ከዚህ 40ው ከተገልጋይ ጋር በቀጥታ የሚሠራበት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ረዥሙ ልምምድ፣ ኢንተርንሺፑ፣ 600 ሰዓት ሲሆን፣ 240ው ቀጥተኛ አገልግሎት ነው። በየሳምንቱም ልምድ ያለው ባለሙያ ሥራችሁን የሚገመግምበት ሱፐርቪዥን አለ። አማርኛ ተናጋሪ የሚመጣበትን ክሊኒክ ወይም ትምህርት ቤት ስታገኙ እነዚህን አስቀድማችሁ አስተካክሉ፦

ሱፐርቫይዘሩ አማርኛ ካልሰማ፣ በአማርኛ የተደረገው ምክክር እንዴት እንደሚገመገም ተስማሙ። የድምፅ ቅጂ የሚያዘውም ሆነ የሚተረጎመው ተገልጋዩ ሲፈቅድ ብቻ ነው።

የምሥጢር ጥበቃውን ወሰን በመጀመሪያው ቀን በግልጽ አማርኛ ተናገሩ። ራሱን ወይም ሌላውን የመጉዳት አደጋ ሲኖር ምሥጢሩ ሊገለጥ ይችላል። ሕፃን ተበድሏል ብሎ የሚጠረጥር ባለሙያም በቨርጂኒያ ሕግ በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት።

የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የዕድር ወዳጃችሁ ቢመጣ ወደ ሌላ ባለሙያ ምሩት። ከተገልጋያችሁ ጋር ገበያ ወይም ለቅሶ ቤት መገናኘት ግን አይቀርም። በእኛ ባህል ሰላምታ መንፈግ ቅያሜ ስለሆነ፣ «እርስዎ ቀድመው ሰላም ካላሉኝ ምሥጢርዎን ለመጠበቅ ስል ዝም እላለሁ» ብላችሁ ከወዲሁ አስረዱ።

«ራሴን ይከፍለኛል»፣ «ልቤን ይጫነኛል» የሚልን ሰው በጥሞና ስሙት፤ ኀዘንና ጭንቀት በአካል ይነገራልና። ሐኪም እንዲያየውም አድርጉ። ጸበል ወይም ዱዓ የሚያጽናናውን ሰው እምነቱን አክብሩ፤ የታዘዘለትን መድኃኒት ግን እንዳያቋርጥ ምከሩ።

በትምህርት ቤት ልጅን ለወላጁ አስተርጓሚ አታድርጉ። እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ትምህርት ቤቱ ወላጁን በሚገባው ቋንቋ እንዲያነጋግር ስለሚያስገድድ፣ ባለሙያ አስተርጓሚ ጠይቁ።

ደረጃ 6፦ ከምርቃት በኋላ ያለውን ሰዓት ሙሉ

በቨርጂኒያ የአእምሮ ጤናውን መንገድ የመረጠ ተመራቂ ሬዚደንት ሆኖ 3,400 ሰዓት በሱፐርቪዥን ሥር ይሠራል። ከዚህ ውስጥ 2,000ው ከተገልጋይ ጋር የሚሠራበት ሲሆን፣ ቢያንስ 200 ሰዓት የሱፐርቪዥን ስብሰባ አለበት። ክሊኒካዊ ፈተናም ያልፋል። ቦርዱ ሳይፈቅድ የተሠራ ሰዓት ከንቱ እንዳይቀር ፈቃዱን አስቀድሙ፤ የፈረማችሁበትን እያንዳንዱን ቅጽ ቅጂ ያዙ። ሬዚደንት በራሱ ስም ሕሙማንን ማስከፈል አይችልም። የትምህርት ቤቱን መንገድ የመረጠ ደግሞ የስቴቱን ትምህርት መሥሪያ ቤት መስፈርት አሟልቶ ያመለክታል።

ፈቃዱ ሲገኝ የሚከፈተው በር ሰፊ ነው። ከጥር 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜዲኬር ለአእምሮ ጤና ካውንስለሮች ስለሚከፍል፣ ልጆቻቸውን ተከትለው መጥተው ሜዲኬር ያገኙ አረጋውያን እናቶችና አባቶችም በቋንቋቸው መታከም ይችላሉ።

በዚህ ሳምንት የስቴታችሁን የፈቃድ መስፈርት አትሙና ካሰባችሁት ፕሮግራም የኮርስ ዝርዝር ጋር መስመር በመስመር አመሳክሩ። ያልተሟላ ካለ፣ ሌላ ፕሮግራም ፈልጉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ወገኖቻችን ሳይፈሩ የሚነግሩት የሠለጠነ ሰው እንዲያገኙ ግን እናንተ ታስፈልጋላችሁ።