«የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም» ሲባሉ ሕጉ ምን ይላል?

ጥያቄ፦ የምጽፍላችሁ ከድሬዳዋ ነው። እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ባለፈው ወር ሐኪም ያዘዘላትን ኢንሱሊን ከሰፈራችን መድኃኒት ቤት ገዛሁ። የሸጠችልኝ ልጅ ብልቃጡን ያነሳችው ከማቀዝቀዣ ሳይሆን ፀሐይ ከሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ነው። ደረሰኝ አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። እናቴ እንደ ወትሮዋ እየተወጋች ስኳሯ አልወርድ ብሎ ሦስት ቀን ሆስፒታል ተኛች። በገዛሁ በዘጠነኛው ቀን ብልቃጡን ይዤ ስሄድ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አሳዩኝ፦ «የተሸጠ መድኃኒት አይመለስም» ይላል። በቃ መብት የለንም ማለት ነው?

መልስ፦ መብት አላችሁ። እርስዎም አለዎት፣ እናትዎም አላቸው።

ከሕጉ በፊት ግን ጤናቸው ይቅደም። ከዚያ ብልቃጥ ዳግም እንዳይወጉ፤ ኢንሱሊኑንም በራሳቸው እንዳያቋርጡ። ዛሬውኑ ሐኪማቸውን አማክረው ሌላ ይተካላቸው። ብልቃጡን ከነካርቶኑ አይጣሉት፤ ዋናው ማስረጃዎ እሱ ነው።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በረዶ ሊሆንም አይገባም። ሙቀት የመታው ኢንሱሊን መልኩ ሳይለወጥ ኃይሉ ሊደክም ይችላል፤ ገዢ በዓይኑ አይቶ አይለየውም። ሕጉ መድኃኒት ቤት ያለ ብቃት ማረጋገጫና ያለ ባለሙያ እንዳይሠራ የከለከለው ለዚህ ነው። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የሚያተኩረው በመድኃኒት ደህንነት፣ ፈዋሽነትና ጥራት ላይ ነው። መድኃኒቱ ከፋብሪካ ጥሩ ሆኖ መውጣቱ ብቻውን አይበቃም፤ እስከ ታካሚው እጅ ድረስ ጥራቱ ተጠብቆ መድረስ አለበት።

ወደ ተለጠፈው ወረቀት እንምጣ። ወረቀቱ ከመሬት ተነስቶ የተጻፈ አይደለም። አንድ ጊዜ ከመድኃኒት ቤት የወጣ መድኃኒት የት እንዳደረ፣ ምን ያህል ሙቀት እንዳገኘው ማንም አያውቅም። መልሶ ለሌላ ታካሚ መሸጥ አደጋ ነው። ስለዚህ ሐሳቡን ለውጦ «መልሱልኝ» ለሚል ሰው እምቢ ማለት ተገቢ ነው። ጉድለቱ የሻጩ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ነጋዴ ግድግዳው ላይ በለጠፈው ወረቀት አዋጅ አይሻርም።

እርስዎ በዘጠነኛው ቀን ሄደዋል፤ ቀኑ አላለፈብዎትም ነበር። ችግሩ ጥያቄዎ በቃል ብቻ መቅረቱ ነው። አብሮዎት የሄደ ሰው ካለ ምስክር ነው። አሁንም የሄዱበትን ቀንና የተሰጥዎትን መልስ ገልጸው ጥያቄዎን በጽሑፍ ያስገቡ፤ ቅጂው ላይ ያስፈርሙ። እምቢ ካሉ በአደራ ደብዳቤ ይላኩላቸው።

ደረሰኝ መስጠት በዚሁ አዋጅ የነጋዴው ግዴታ ነው፤ ገዢ ስላልጠየቀ ግዴታው አይቀርለትም። ደረሰኝ የለዎትም ማለትም መግዛትዎን ማስረዳት አይችሉም ማለት አይደለም። በቴሌብር ወይም በባንክ ከፍለው ከሆነ የስልክዎ መልእክት ማስረጃ ነው። የሐኪሙ ማዘዣ መድኃኒት ቤቱ ጋ ቀርቶ ከሆነ እሱም ይቆጠራል። ብልቃጡ ላይ ያለው የምድብ ቁጥርም መድኃኒት ቤቱ ያንን ምድብ ተረክቦ እንደሆነ ለማጣራት ይረዳል።

የእናትዎ መብት ከብልቃጡ ዋጋ በላይ ነው። አዋጅ 813/2006 ሸማች የሚለው ለግሉ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ቢከፍለውም ያው ነው። በተገዛው ነገር ለደረሰ ጉዳትም ካሳ ያስጠይቃል። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ኢንሱሊንን ከማቀዝቀዣ ውጭ አስቀምጦ መሸጥ ይህን ደንብ መጣስ ነው። «ባለቤቱ በዕለቱ አልነበሩም» የሚለውም መከላከያ አይሆንም፤ ሠራተኛ በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው በአንቀጽ 2130 ይጠየቃል።

ከባዱ ነገር ጉዳቱ ከዚያ ብልቃጥ መምጣቱን ማስረዳት ነው። ተከሳሽ የሚለው ከወዲሁ ይታወቃል፦ «ቤታችሁ ወስዳችሁ አበላሻችሁት»፣ «አመጋገባቸው ነው»። ስለዚህ የሆስፒታሉን ካርድና የሐኪሙን ማስረጃ፣ በየቀኑ የተለካውን የስኳር መጠን፣ የሕክምና ወጪ ደረሰኞችን ሁሉ ያሰባስቡ። ብልቃጡን ከመድኃኒት ቤቱ እስከ ቤት በምን እንዳመጡት፣ ቤትም የት እንዳስቀመጡት ሳይረሳ ይጻፉት።

ሳይውሉ ሳያድሩም ለከተማው የጤና ተቆጣጣሪ አካል ያመልክቱ። የኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንም በ8482 ነፃ የስልክ መስመር ጥቆማ ይቀበላል። ተቆጣጣሪው መድኃኒት ቤቱ ገብቶ ማቀዝቀዣው መሥራቱን፣ ቴርሞሜትር መኖሩን፣ ሙቀቱ በየዕለቱ መመዝገቡን፣ የሸጠችልዎት ልጅም የሙያ ፈቃድ ያላት መሆኗን ያያል። የምርመራው ውጤት ለክስዎ ትልቅ ድጋፍ ነው። ካሳ የሚወስነው ግን ተቆጣጣሪው ሳይሆን ፍርድ ቤት ነው።

ለሌሎች አንባቢዎቼም አደራ አለኝ። ከመድኃኒት ቤት ከመውጣታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቁሙ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን ከማዘዣው ጋር መመሳሰሉን፣ የአገልግሎት ጊዜው አለማለፉን፣ ማሸጊያው አለመነካቱን እዩ። በቅዝቃዜ የሚቀመጥ ከሆነ ከማቀዝቀዣ ሲወጣ ካላያችሁ አትግዙ። እንዴትና ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ጠይቁ፤ ማስረዳት የባለሙያው ሥራ ነው። ደረሰኛችሁን ሳትቀበሉ አትውጡ።

ለጠያቂዬ አንድ ነገር ልጨምር። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይቀራል። የሚቆጠረውም እናትዎ ከተጎዱበት ጊዜ ጀምሮ ነው። ብልቃጡንና ወረቀቶቹን ይዘው በዚህ ሳምንት ይነሱ።