ዓይናችን ለምን ይርገበገባል?

ባለፈው ሴሚስተር የፈተና ሳምንት የግራ ዓይኔ የታችኛው ቆብ ለአምስት ቀን ያህል እየተነሳ ሲርገበገብብኝ ሰነበተ። የዶርም ጓደኛዬ «የታችኛው ከሆነ እንባ ነው፤ ብቻ መርዶ እንዳይሆን!» አለኝ። እኔም ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ቤት ደወልኩ። እናቴ በዚያ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ጊዜ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ «ምን ሆንክ ልጄ?» አለችኝ። ቤት ሁሉም ደህና ነበር፤ ያስደነገጥኳት እኔው ነኝ። «ሳታጣሩ አትዘግቡ» እየተባልን የምንማር ልጆች እንዲህ መሆናችን ስላሳፈረኝ ነገሩን ለማጣራት ተነሳሁ።

ለመሆኑ ምን ሆኖ ነው?

ዓይናችንን የሚከድነው ዙሪያውን እንደ ቀለበት የከበበው ስስ ጡንቻ ነው። ትእዛዝ የሚደርሰው በፊት ነርቭ በኩል ነው። ይህ ጡንቻ ያለ ፈቃዳችን በትንሽ በትንሹ ሲኮማተር «ዓይኔ ተርገበገበ» እንላለን፤ ሐኪሞች ማዮኪሚያ ይሉታል። ብዙውን ጊዜ የሚታየው በአንድ ዓይን ነው፤ ይበልጡን ደግሞ በታችኛው ቆብ ላይ። ለእኛ ትልቅ ነገር ይመስለናል እንጂ አጠገባችን ያለ ሰው ላያስተውለው ይችላል።

ዋና ዋና መንስኤዎቹ

1. ድካምና እንቅልፍ ማጣት፦ ለፈተና ማደር የለመደ ተማሪ ይህን ያውቀዋል። እንቅልፍ ለማባረር ጫት የሚቅሙም ከዚሁ አያመልጡም።
2. ጭንቀት።
3. ካፌይን፦ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ፣ ማታ ደግሞ ሻይና ኮካ መጨመር።
4. የዓይን መድከምና መድረቅ፦ ኮምፒውተር ወይም ሞባይል ላይ ስናፈጥ ዓይናችንን የምንከድነው ከወትሮው ባነሰ ቁጥር ስለሆነ ይደርቃል።
5. አልኮልና ሲጋራ።

እኔ ራሴን ስመረምር የመጀመሪያዎቹ አራቱ ተሟልተው ተገኙ። ቡናውን ወደ አንድ ስኒ ቀንሼ፣ ሁለት ሌሊት ጠግቤ ስተኛ ተወኝ።

መቼ ነው ሐኪም ዘንድ የሚኬደው?

አብዛኛው በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይጠፋል። ሆኖም ከዚያ ከዘለቀ፣ ዓይን እስኪጨፈን ከደረሰ፣ ወደ ጉንጭና አፍ ከተዛመተ፣ ቆቡ ከወደቀ፣ ወይም ዓይኑ ከቀላና ካበጠ መታየት ያስፈልጋል። ለምሳሌ ግማሽ ፊት የሚያርገበግበው ሕመም ብዙ ጊዜ የሚመጣው የደም ሥር የፊት ነርቭን ሲጫነው ነው፤ ሕክምናም አለው።

እንግዲህ ዓይናችን ሲርገበገብ የሚነግረን ወሬ ካለ ስለ ሩቅ ዘመድ ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው፦ «ደክሞሃል፣ ተኛ!»