ኮምፕሬሰር ሲሰንፍ፤ ሕመሙ ከመኪናው ነው ወይስ ከአየሩ?

በመካነ ሰላም መንገድ ዳር ጎማ የሚጠግን ጎሚስታ ባለበት ሁሉ አንድ ኮምፕሬሰር አይታጣም። ከታች አየሩ የሚጠራቀምበት የብረት በርሜል አለ፤ በበርሜሉ ጀርባ ላይ ሞተርና ፖምፓ ጎን ለጎን ተቀምጠው በቺንጊያ ተያይዘዋል። ሲሠራ ጆሮ ያደነቁራል እንጂ ማንም ልብ ብሎ አይመለከተውም። ነገር ግን ከዚህ ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ የጭነት መኪና ጎማው በሚገባ ሳይነፋ ቢሄድ፥ ጎማው ከጭነቱ በታች በየዙሩ እየተለመጠ ይግላል፤ የጋለ ጎማም በቁልቁለት ላይ ሊፈነዳ ይችላል። ኮምፕሬሰሩ ሲሰንፍ ነፊው ሰልችቶት «ይበቃል» ማለቱ ስለማይቀር፥ ነገሩ የባለ ሱቁ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የሚሰማው አቤቱታ «በርሜሉ ቶሎ አይሞላም» የሚል ነው። ወዲያውም «የፒስተኑ ፋሻ አልቋል» ተብሎ ፖምፓው ይፈታል፤ ገንዘብም ይወጣል። ይሁን እንጂ ከመኪናው በፊት አየሩን መጠየቅ ይገባል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1648 ፓስካል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ የእኅቱን ባል ፔሪዬን ፑይ ደ ዶም ወደሚባል ተራራ ሜርኩሪ የተሞላ የመስተዋት ቱቦ አስይዞ ላከው። በተራራው ራስ ላይ የሜርኩሪው ቁመት ከግርጌው ከነበረው ከ8 ሳንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ያ ተራራ 1500 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ መካነ ሰላም ግን 2600 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት! በባሕር ጠረፍ 760 ሚሊ ሜትር የሚቆመው ሜርኩሪ በእኛ ከፍታ 550 ያህል ብቻ ይቆማል። እንግዲህ ፒስተኑ በአንድ ጉርሻ የሚውጠው አየር በጠረፍ ከሚውጠው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። በዚያ በ6 ደቂቃ የሚሞላ በርሜል እዚህ ምንም እንከን ሳይኖርበት ከ8 ደቂቃ በላይ ይፈጃል ማለት ነው። ስስ አየር ሙቀትንም በሚገባ ስለማይወስድ ፖምፓው ከቆላው ይልቅ ዕረፍት ይሻል።

ስለዚህ ብልኅ ባለቤት መኪናው ጤናማ ሳለ ባዶው በርሜል በስንት ደቂቃ እንደሚሞላ ለክቶ በግድግዳው ላይ ይጽፋል። ጊዜው ከዚያ በላይ እየረዘመ ሲሄድ እውነተኛ ሕመም አለ።

ሕመሙን ለመለየት የሚቀድመው መፍታት ሳይሆን ማቆም ነው። በርሜሉ ሲሞላ ሞተሩን አጥፍቶ፥ ወደ ቱቦው የሚያሳልፈውን መዝጊያ ዘግቶ፥ የግፊት መለኪያውን ቀስት ለሩብ ሰዓት መመልከት ይገባል። የጋለው አየር ሲቀዘቅዝ ቀስቱ ጥቂት ወርዶ ይቆማል፤ ይህ ሕመም አይደለም። ሳይቆም ከወረደ ግን አየር የሚያመልጥበት ቀዳዳ አለና መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቢቀቡ አረፋው ራሱ ይናገራል። ቀስቱ ጸንቶ ከቆመ ጥፋቱ ከፖምፓው ወገን ነው። በበጋ አቧራ የታፈነ ፊልትሮ፥ የሚንሸራተት ቺንጊያ፥ በደንብ የማይገጥም የመሳቢያ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። የመጨረሻው የሚታወቀው አየሩ በሚገባበት በኩል እጅን ሲያስጠጉ መሳብ ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም እፍ ሲል ነው። ፋሻው የሚጠረጠረው እነዚህ ሁሉ ከተመረመሩ በኋላ፥ ይልቁንም ከአየሩ ጋር ዘይት ሲወጣ ነው።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ግን ፉጨቱ ነው። ሞተሩ ሲቆም ከማብሪያ ማጥፊያው ሣጥን ሥር «ጭስ» ብሎ ለአፍታ የሚተነፍሰው የጤና ምልክት ነው፤ በፖምፓው ራስ የቀረውን አየር አውጥቶ ሞተሩ ዳግም ሲነሣ ሸክሙን ያቀልለታል። ትንፋሹ ሳያቋርጥ ከቀጠለ ሰዎች ሣጥኑን ይለውጣሉ፤ ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አየሩ ወደ ኋላ እንዳይመለስ በበርሜሉ መግቢያ ላይ የተተከለው ትንሽ ቫልቭ ነው። ቆሻሻ ስለያዘው አልዘጋ ብሎ የበርሜሉ አየር ይመለሳል። መኪናው ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፥ በርሜሉም ፈጽሞ ባዶ ከሆነ በኋላ ቫልቩን ፈቶ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል። ጭራሽ ካልተነፈሰ ደግሞ ሞተሩ ሊነሣ እያቃተው ያጉረመርማል፤ ማምሻውን መብራት ሲደክምም እንዲሁ ያጉረመርማልና አስቀድሞ አምፖሉ መፍዘዝ አለመፍዘዙን ማየት ነው።

ከበርሜሉ አናት ያለውን የደኅንነት ቫልቭ «ያፈስሳል» ብሎ በቡሎን መድፈን ፈንጂ በሱቅ ውስጥ እንደ ማስቀመጥ ነው። ከበርሜሉ ሥር ያለው መዝጊያ በየማታው ተከፍቶ ውሃው ሊወጣ ይገባዋል፤ በክረምት ጉምና ዝናብ ጊዜማ የሚወጣው ውሃ ይበዛል። ውሃው ቀይ ከሆነ ብረቱ ከውስጥ እየዛገ ነው። ሆዱ ማንጠባጠብ የጀመረ በርሜል ብየዳ አያድነውም፤ ሞተሩና ፖምፓው ወርደው በሌላ በርሜል ላይ ይሰቀላሉ።