የድሬዳዋ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን፦ ከከተማይቱ የሚቀድም ታሪክ

የአንድን ቁምስና ታሪክ ለማስተማር የሚነሣ መምህር ብዙውን ጊዜ ከሕንጻው ይጀምራል፤ የመሠረቱ ድንጋይ መቼ እንደ ተጣለ፣ ደወሉ ከየት እንደ መጣ ይጠይቃል። በድሬዳዋ ግን ከሕንጻው የጀመረ ሰው የታሪኩ እኩሌታ ያመልጠዋል። የዚህች ማኅበረ ምእመናን ሥር የሆነው ተልእኮ ከከተማይቱ በዕድሜ ይበልጣልና። ከተማይቱ የተቈረቈረችው በ1902 ሲሆን ተልእኮው የተጀመረው በ1846 ነው (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ልናሳይ የምንሻውም ይህንኑ ተልእኮ የጀመሩት የውጭ ልኡካን ቢሆኑም፣ በየዘመኑ ሊቋረጥ ሲል ያሻገሩት የአገሩ ልጆች መሆናቸውን ነው።

በ1846 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ለኦሮሞ ሕዝብ የሚሆን ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቋቁመው ለካፑቺኑ ገዳማዊ ለጉልዬልሞ ማሳያ አደራ ሰጡ። እኚህ አባት በአገራችን አቡነ ማስያስ ተብለው የሚታወቁት ናቸው። ቪካሪያቱ ግን የተሰየመው ኦሮሞ ራሱን በማይጠራበት፣ ዛሬም እንደ ስድብ በሚቈጠር ስም ነበር። ይህ ስም እስከ 1937 ድረስ 91 ዓመት ሙሉ በሮማ መዝገብ ላይ ቆየ። ታሪክን በሐቅ የሚያስተምር ሰው ይህን ሊሸሽገው አይገባም። በአንጻሩ ሕዝቡ ለአቡነ ማስያስ የራሱን ስም አውጥቶላቸው ነበር፤ ፈንጣጣን በክትባት ይከላከሉ ስለ ነበር «አባ ፈንጣጣ» አላቸው። ሮማ ሕዝቡን በሩቅ ወሬ ሰየመች፤ ሕዝቡ ግን እንግዳውን ባየው ሥራ ሰየመ። ቋንቋውን በመማር በኩል ግን አባቶች አልሰነፉም፤ አቡነ ማስያስ ለሚሲዮናውያን ያዘጋጁት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው በ1867 በፓሪስ ታትሟል።

አቡነ ማስያስ ከሁሉ አስቀድመው ያሰቡት ስለ አገር ተወላጅ ካህናት ነበር። ይህም የኋላ ኋላ እጅግ ጠቃሚ መሆኑ ታየ። በ1861 ከከፋ በተባረሩ ጊዜ ምእመናኑን ይዘው እዚያው የቀሩት እርሳቸው የሾሟቸው ኢትዮጵያውያን ካህናት ናቸው። በ1879 ደግሞ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ትእዛዝ ከሸዋ ወጡ፤ ወደ መንበራቸውም ሳይመለሱ በ1889 አረፉ።

የተልእኮው መንገድ ወደ ምሥራቅ የዞረው ከዚህ በኋላ ነው። ተተኪያቸው አቡነ ታውሪን ካሃኝ በ1881 ሐረር ገቡ። ከተማይቱ ያን ጊዜ በግብፆች እጅ ነበረች (ፈረንሳዊው ገጣሚ አርቱር ራምቦም በዚያው ወራት በአንድ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ይሠራባት ነበር)። በእስላማዊ ትምህርት በታወቀች ከተማ የካፑቺኖች ሥራ ቀላል ሊሆን አይችልም ነበር። ስለዚህም ትኩረታቸው በዙሪያው ባሉት የኦሮሞ መንደሮች፣ በትምህርትና በሕክምና ላይ ሆነ። ያን ጊዜ ወጣት ካህን የነበሩት እንድርያስ ዣሮሶ በ1900 ጳጳስ ሆነው ተሾሙ። በሕዝቡ ዘንድ የታወቁት ግን «አቡነ እንድርያስ» በተባለው ስማቸው ነው።

ድሬዳዋ በዚህ ታሪክ ውስጥ የምትገባው በባቡሩ ምክንያት ነው። ከጂቡቲ የተነሣው ሐዲድ ወደ ሐረር ተራራ ለመውጣት ስላልቻለ በ1902 መጨረሻ ከግርጌው ቆመ። አዲሱ ሠፈር «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ሕዝቡ ግን የቦታውን የቀድሞ ስም መረጠ። ባቡሩ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ 15 ዓመት ያህል ስለ ወሰደ፣ ከባሕር የመጣ ሰውና ዕቃ ሁሉ እዚህ ይወርድ ነበር። ፈረንሳውያን፣ ግሪኮች፣ አርመኖች፣ ዓረቦች፣ ሕንዶች፣ ከየአውራጃው የመጡ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ተሰበሰቡ። ስለዚህ የከተማይቱ ካቶሊካዊ ማኅበር ከመጀመሪያው ጀምሮ የአንድ ብሔር ወይም የአንድ መንደር አልነበረም። የምድር ባቡሩ የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ስለ ነበር የሚሲዮኑ ትምህርት ለብዙ ወጣቶች እንጀራ ሆነ።

ስለ ማተሚያ ቤቱ ጥቂት ሰፋ አድርገን እንናገር፤ የዛሬ ወጣቶች ከማያውቁት አንዱ ይህ ነውና። በ20ኛው መቶ ዘመን መባቻ አባ ማሪ በርናር የተባሉ ካፑቺን በሐረር የሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ አቋቁመው ነበር። ከዚሁ ሥራ ጋር አንድ ማተሚያ ተወለደ፤ ስሙም በሥጋ ደዌ ሕሙማን ጠባቂ በቅዱስ አልዓዛር ተሰየመ። በ1905 «የኢትዮጵያ ዘሪ» የሚል ትርጉም ያለው የፈረንሳይኛ ጋዜጣ ያወጣ ጀመር። በ1908 ገደማ ማተሚያው ወደ ድሬዳዋ ወረደ፤ ወረቀትና ቀለም በባቡር የሚደርሰው እዚህ ስለ ነበር አያስገርምም። የላዛሪስቱ ካህን የአባ ዮሴፍ ቤትማን ትልቁ የአማርኛና የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት በ1929 የታተመው በዚሁ በድሬዳዋ ነው። ዛሬም የአማርኛን ቃላት የሚመረምሩ ሊቃውንት ያን መጽሐፍ ሲገልጡ በመጀመሪያው ገጽ የከተማችንን ስም ያነባሉ።

ከአገሩ ልጆች መካከል ስማቸው በታሪክ ከቀረላቸው አንዱ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። ራስ መኰንን ለልጃቸው ለተፈሪ መምህር ሲሹ፣ አቡነ እንድርያስ እኚህን ኢትዮጵያዊ መደቡላቸው። በ1915 ከሐረር ወደ ድሬዳዋ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሐረማያ ሐይቅ ጀልባ ሰጥሞ ተፈሪ ሲተርፉ አባ ሳሙኤል ከሞቱት መካከል ሆኑ። የወደፊቱ ንጉሠ ነገሥት የፈረንሳይኛ ዕውቀት በአንድ የአገሩ ልጅ እጅ መገንባቱን ልጆቻችን ሊያውቁት ይገባል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1936 ነው። ኢጣሊያ አገሪቱን ስትይዝ ፈረንሳውያኑ ሚሲዮናውያን እንዲለቁ ተደረገ፤ በምትካቸውም ኢጣሊያውያን ካፑቺኖች ገቡ። በ1937 ቪካሪያቱ «የሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት» ተባለ። አቡነ እንድርያስ ከግማሽ ምእት ዓመት አገልግሎት በኋላ በ1938 ተገደው ወጡ፤ በጥር ወር 1941 በቱሉዝ አረፉ። በዚያው ዓመት ኢጣሊያ ስትሸነፍ ኢጣሊያውያኑም በተራቸው መሰናበት ጀመሩ። በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ እረኞቹ ተለዋወጡ። በአገልግሎቱ ያልተለወጡት በየሠፈሩ ሕፃናትን የሚያስተምሩት፣ የታመመን የሚጠይቁት፣ የሞተን የሚሸኙት የአገሩ ካህናትና መምህራን ነበሩ። የጳጳሳቱን ስም በቅደም ተከተል እንቈጥራለን፤ የእነዚህን ግን ከጥቂቶቹ በቀር አንቈጥርም። ይህ በእኛ አስተያየት የታሪካችን ትልቁ ጉድለት ነው።

ከዚያም ወዲህ አቡነ ኡርባን ፔርሶን ለረጅም ዘመን መንበሩን ጠብቀዋል። በ1992 አቡነ ወልደተንሣይ ገብረ ጊዮርጊስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐዋርያዊ ቪካር ሆኑ፤ አቡነ ማስያስ ከተሾሙ ከ146 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። በ2016 አሥመራ የተወለዱት አቡነ አንጀሎ ፓጋኖ ተተኩ። ድርቅ በተደጋጋሚ በጐበኘው በዚህ ምሥራቃዊ ክፍል፣ መቀመጫውን በድሬዳዋ ያደረገው የሐረርጌ ካቶሊክ ሴክሬታሪያት ሃይማኖት ሳይለይ ለተቸገሩት ሲደርስ ኖሯል።

ታዲያ ይህን እንዴት እናስተምረው? ከተማሪዎቻችን አንዱ በቤቱ አማርኛ፣ ሌላው ኦሮምኛ፣ ሦስተኛው ሶማልኛ ሊናገር ይችላል። መምህሩ የትምህርቱን ዋና ዋና ቃላት «ጸጋ»ን፣ «ኃጢአት»ን፣ «ይቅርታ»ን ልጆቹ በቤታቸው ምን እንደሚሉአቸው ቢጠይቅ አቡነ ማስያስ ሰዋስው ሲያዘጋጁ የያዙትን መንገድ ይከተላል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ልጅ ከአያቶቹ ወይም ከሠፈሩ አረጋውያን ለአንዱ፣ «ጸሎት መጀመሪያ ያስተማረዎት ማን ነው? በምን ቋንቋ?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ከስም ጋር ጽፎ ያምጣ። ቄሰ ገበዙ ወይም ቆሞሱ ከፈቀዱም የቆየው የጥምቀት መዝገብ በክፍል ውስጥ ይገለጥ። ጽሑፉ በባዕድ ቋንቋ ቢሆን እንኳ ከእያንዳንዱ ተጠማቂ ጐን የክርስትና አባቱ ወይም እናቱ ስም ተጽፎ ይገኛል፤ ልጆቹም ከዚያ መካከል የሚያውቁትን የቤተ ሰብ ስም ይፈልጉ።