አራቱ ተሸካሚዎች
(ለማኅበር ጥናት፤ ማር. 2፥1-12፤ ገላ. 6፥2)

ወንጌላዊው ማርቆስ አራት ሰዎች አንድ ሽባ ተሸክመው እንደ መጡ፣ ከሕዝቡም ብዛት የተነሣ ወደ ጌታ መቅረብ ቢሳናቸው ጣራውን ከፍተው እንዳወረዱት ይተርክልናል። የአራቱ ስም አልተጻፈም፤ ጌታችን እምነታቸውን መመልከቱ ግን ተጽፎአል። እንግዲህ ሕመምተኛው በእግሩ መሄድ በተሳነው ጊዜ የወንድሞቹ እምነት እግር ይሆነዋል ማለት ነው።

በገጠራችንም ሕመምተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ የቆየ ልማድ ነው። አንዱ ሲደክም ሌላው ትከሻውን ያቀርባል። ከአገር ርቀው በሚኖሩት ዘንድ ግን ይህን ትከሻ ከወዴት ያገኙታል?

የጁባን ከተማ ሸሪካትን እንመልከት። ሰፈሩ ከነጭ ዓባይ በስተ ምሥራቅ፣ ታላቁ የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ግን ከወንዙ በስተ ምዕራብ ነው። በ2014 ዓ.ም. (በአውሮጳ አቆጣጠር 2022) በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የነጻነት ድልድይ ተከፈተ። ይሁን እንጂ ድልድይ ያሻግራል እንጂ አያስታምም።

በዚያ የሚኖር አንድ የአገራችን ነጋዴ አለ እንበል፤ ሚስቱም በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሰሳት። ደቡብ ሱዳን እናቶች በወሊድ ምክንያት እጅግ ከሚሞቱባቸው አገሮች አንዲቱ ናትና ነገሩ የሕይወትና የሞት ነው። ባልየው በአንድ ሌሊት ደም ሰጪ ሊፈልግ፣ መድኃኒት ሊገዛ፣ ከሐኪሙ ጋር በባዕድ ቋንቋ ሊነጋገር፣ በቤት የቀሩትን ልጆች ሊያበላ ይገባዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው። ስለዚህ ማኅበሩ ሸክሙን በአራት ይክፈል።

1ኛ፤ ደም። አንድ ሰው ደም ከሰጠ በኋላ እንደ ገና ለመስጠት ሦስት ወር ያህል መቆየት ይገባዋል። ስለዚህ ፈቃደኞች ብዙ ይሁኑ፤ ስማቸውና የደማቸው ዓይነት መከራ ሳይመጣ ይመዝገብ።

2ኛ፤ እጅ። አንዱ በአልጋው አጠገብ ይደር፤ አንዲቱ ምግብ ታድርስ፤ ሌላይቱ ልጆቹን ወደ ቤቷ ትውሰድ፤ ዐረብኛ የሚያውቅ ከሐኪሙ ጋር ያነጋግር። ተራቸው አስቀድሞ ይታወቅ፤ አለዚያ በመጀመሪያው ቀን ሃያ ሰው ይመጣል፣ በአሥረኛው ቀን ግን ማንም አይገኝም።

3ኛ፤ ገንዘብ። ዕድራችን መልካም ሥርዓት ነው፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ድንኳኑ የሚተከለው ከሞት በኋላ ነው። ለቀብር የምናዋጣውን ያህል ለመድኃኒት ብናዋጣ ስንት ቀብር በቀረ! መዋጮውን ሁለት ታማኞች ቈጥረው በጽሑፍ ያኑሩ፤ ለቤተ ሰቡም ሳይለምን በስውር ይድረሰው።

4ኛ፤ ቃል። ሐዋርያው ያዕቆብ ሽማግሌዎች ተጠርተው እንዲጸልዩ ያዛል (ያዕ. 5፥14)። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን ዝም ብለው ከእርሱ ጋር ተቀመጡ፤ ያ መልካም ነበረ። የበደሉት አፋቸውን ከፍተው ኃጢአቱን በፈለጉ ጊዜ ነው። እኛም እምነት ጎድሎአችሁ ነው አንበል፤ የሕመምተኛውንም ምስጢር የጸሎት ርእስ አስመስለን አናውራ።

ጸሎትም መድኃኒትን አይከለክልም። በ1527 (በአውሮጳ አቆጣጠር) በዊተንበርግ ቸነፈር በገባ ጊዜ ዶክተር ማርቲን ሉተር ከተማውን ትቶ አልሄደም፤ ቤቱም ሕመምተኞች የሚታከሙበት ሆነ። ስለዚሁ ነገር በጻፈው መልእክት መድኃኒት እንዲወሰድ መከረ፤ የሕሙማን ቤት በሌለበትም ስፍራ እያንዳንዳችን ለባልንጀራችን አስታማሚ እንድንሆን አስተማረ።

ይህን ሁሉ አድርገን ሴቲቱ ብትሞትስ? ፈውስ በእጃችን አይደለም፤ የተሰጠን መሸከም ነው። ሚስቱ ብትድን ባልየው እግዚአብሔርን ከወንድሞቹ ጋር ያመሰግናል፤ ብትሞትም ብቻውን አያለቅስም። ብትድንም ሥራችን በሆስፒታሉ በር አያበቃም፤ ደካማ ሆና ወደ ቤቷ ትገባለችና ውኃ የሚቀዳላትና ልጆቹን የሚያጥብላት ያስፈልጋታል።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች፤
ሀ. በማኅበራችን ዛሬ ሌሊት ቢጠራ የሚነሣ ማን ነው?
ለ. ከመካከላችን ታሞ ያልጠየቅነው፣ ወይም ጠይቀነው የተውነው ማን አለ?
ሐ. ጌታ ሊገለጥ የሚገባው ምን ጣራ በመካከላችን አለ?

ስለ እኛ ሸክማችንን የተሸከመው ጌታ ትከሻችንን ያበርታልን። አሜን።