ታላቂቱ ስትማር ታናሹም ይማራል

ለልጆቻችሁ የመጀመሪያው አስተማሪ ማን ነው? እናት ትሉ ይሆናል፤ አባትም ትሉ ይሆናል። ልክ ነው። ነገር ግን እናት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ፣ አባት እርሻ ሲውል፣ ሕፃኑ በማን ጀርባ ነው የሚውለው? በእህቱ ጀርባ ነው።

ከደሴ ተነስተን የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ስንወርድ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደሴ ይበርዳል፣ ኮምቦልቻ ይሞቃል። በሁለቱም አገር ግን ታላቅ ልጅ ታናሹን ይይዛል። ለማስተማር የተመደብን ተማሪዎች ይህን በደንብ ያየነው ከኮምቦልቻ ወጣ ባለች መንደር ነው። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ሕፃን አዝላ እናቷ የምትማርበት ዳስ በር ላይ ትቆም ነበር። «ግቢ» ስንላት «ያለቅሳል» ትላለች። ቆማ ግን ትሰማለች። ማታ ደጃፋቸው ላይ በእንጨት ፊደል ትጭራለች። የ5 ዓመት ወንድሟም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይጭራል።

አንድ ቀን ይህን ልጅ «ሰ»ን ጻፍ አልነው። «ለ»ን ጻፈ። ለካስ እህቱ የ«ሰ»ን አናት ትረሳ ኖሯል! ሳቅን። ኋላ ለእርሷ አናቱን አሳየናት። በማግስቱ ልጁም አስተካክሎ ጻፈ። እኛ ለእርሱ አንድ ቃል አልተናገርንም።

ይህ የሚሆነው ታላቅ ልጅ ለሕፃን ቅርብ ስለሆነ ነው። አባቱ ሲያርስ ቢያይ እርፍ መጨበጥ አይችልም። እህቱ ጠጠር ስትቆጥር ግን «እኔም እችላለሁ» ይላል። «እንቆቅልህ» ስትለው «ምን አውቅልሽ» ይላል፤ ካላወቀው አገር ይሰጣታል። እየተጫወተ ቋንቋ ይማራል። ስድብም የሚማረው ከዚያው ነው፤ ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እርሷም ብትሆን «ለምን?» ሲላት መልሱን ደግማ ማሰብ አለባት።

በ1971 ዓ.ም. ሐምሌ 1 ቀን በአገራችን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተጀመረ። በዚያው ዘመን፣ የዓለም የሕፃናት ዓመት ሲከበር፣ ታላቅ ልጅ ታናሹን ስለ ንጽሕናና ስለ ጤና የሚያስተምርበት ዘዴ በሌሎች አገሮች ይስፋፋ ጀመር። «ልጅ ለልጅ» እንበለው። ዘዴው ከ2003 እስከ 2007 ዓ.ም. በነበረው የኢትዮጵያ የትምህርት ዕቅድም ገብቶ ነበር። ከፍ ያለ ክፍል የደረሰ ተማሪ ታናናሾቹንና የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ ፊደል፣ ቁጥርና ቀለም በጨዋታ ያሳያቸዋል። መዋለ ሕፃናት ለሌለበት ገጠር ትልቅ ነገር ነው።

ታዲያ ታላቂቱ ራሷ ትምህርት ቤት ካልገባች ምን ታሳያቸው? ይህን ለእናትየው ነገርናት።

«እሷ ከሄደች ይህን ማን ይዘልልኛል፣ ወንድሞቼ?» አለችን።

አልዋሸችም። እንጨቱ አለ፣ ውሃው አለ። እኛም መልስ አጥተን ዝም አልን። መልሱን ያመጡት ጎረቤቷ ናቸው። «ለአጨዳ ወንፈል እንገባ የለም እንዴ? ለልጅስ?» አሉ። ትምህርቱ የግማሽ ቀን ነው። ሁለቱ እናቶች በየተራ የሁለቱን ቤት ሕፃናት ሊይዙ ተስማሙ። መጀመሪያ ላይ ተራ እየተሳተ ትንሽ ተጣልተዋል፤ ኋላ ግን ለመዱት።

ልጅቷ መስከረም ላይ ገባች። ቀትር ላይ ስትመለስ ያ የ5 ዓመት ወንድሟ እንጨቱን ይዞ ደጃፍ ይጠብቃታል። ምሳ እንኳ አያስበላትም።